የአስናቀች ወርቁን ሕይወት በአንዲት ተዋናይት ለመድረክ፣ ከዚያም ለካሜራ (ጥያቄ ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ)

ልጅ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አርቲስት አስናቀች ወርቁ ሕይወትና ሥራ 45 ደቂቃ የሚወስድ፣ አንዲት ተዋናይት ብቻ የምትጫወተው ተውኔት እያዘጋጀን ነው። ከመድረኩ በኋላ ያንኑ በስልክ ካሜራ ቀርጸን የ12 ደቂቃ አጭር ፊልም ልናወጣበት አስበናል። ያለን ይህ ነው፦ 9 ሜትር በ14 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌለው አዳራሽ፤ 130 የፕላስቲክ ወንበር፤ ባለ 500 ዋት ሁለት ፓውዛ፤ አንድ ባለ 6 ክር ክራር፤ ልብስ ላይ የሚሰካ አንድ ማይክ። ተዋናይቷ ጎበዝ ናት፣ ክራር ግን ነክታ አታውቅም። ታሪኩን ከየት እንጀምር? ክራሩን ራሷ ትጫወት ወይስ በቴፕ ይሁን? ለካሜራው ሲሆን ምን ይቀየራል?

መጋረጃ፦
ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ አታልቅሱባት። ስለ ተዋናይት የሚጻፍ ተውኔት አብዛኛውን ጊዜ መከራዋን ደርድሮ፣ ተመልካቹን አስለቅሶ ያልቃል። ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ ሴትዮዋ ምን ትሠራ እንደነበር፣ እንዴት ትሠራው እንደነበር አያውቅም። አስናቀች ተዋናይት፣ ድምፃዊትና ክራር ደርዳሪ ነበረች። ሦስቱም የሰውነት፣ የጉሮሮና የእጅ ሙያ ናቸው። ስለዚህ በየትዕይንቱ ተዋናይቷ እጅ ላይ ሥራ ይኑር፦ ክራር ትቃኝ፣ ቃለ ተውኔት ታጥና፣ ነጠላዋን ታስተካክል፣ መጋረጃ ከመከፈቱ በፊት ትንፋሽዋን ትሰብስብ። ታሪኩ በሥራው መሀል ሾልኮ ይውጣ።

መነሻችሁ ልደቷ ባይሆን እመርጣለሁ። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተውኔት ከተነሳ በኋላ ለረጅም ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። አስናቀች ያንን ከሰበሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ይህን በተራኪ አትናገሩት፣ አሳዩት። ተዋናይቷ የወንድ ኮት ደርባ፣ ሻሽ አስራ ትግባ። ሴት ለመምሰል ድምፁን የሚያቀጥን ወንድ ተዋናይ ሆና ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ትናገር። ከዚያ ዝም ትበል፣ ኮቱን ታውልቅ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በራሷ ድምፅ ትድገመው። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም፤ ከአሥር ገጽ ማብራሪያ ግን ይበልጣል። ኮቱ ከትከሻ በቀላሉ እንዲወርድ ሁለት ቁጥር ሰፋ ያለ ይሁን። እጅጌው ከተያዘ ተመልካች ይስቃል፣ ትዕይንቱም እዚያው ይሞታል።

አከፋፈሉን በደቂቃ ብትይዙት፦ መግቢያው 6፣ ክራሩን የምታገኝበት 10፣ የቴአትር ቤቱ ዘመን 12፣ ድምፃዊነቷ 9፣ እርጅናዋና ስንብቷ 8። የገጽ ብዛት አያታልላችሁ፤ ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ በስልክ ለኩ። በዝምታ ሲነበብ 30 ደቂቃ የሆነ ጽሑፍ መድረክ ላይ እንቅስቃሴውና ዝምታው ሲጨመር 45 ይሞላል።

ነጠላ ሰረዝ፦
መጋረጃ ያሉት ላይ ዓመተ ምሕረቱን ልጨምር፤ ወጣቶች ከኢንተርኔት ሲቀዱ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም ነው። በፈረንጅ 1935 ስለሆነ አንዳንዱ «1935 ዓ.ም» ብሎ ይጽፈዋል፤ ያ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ያደርገዋል፣ ታሪኩም ይገለበጣል። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት የተመረቀው በ1948 ዓ.ም ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ነው፤ በፈረንጅ 1955። በዚያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስለነበር በዚያ ዘመን ትዕይንት ውስጥ ገጸ ባሕርይዋ «ብሔራዊ ሄድኩ» ብትል ስህተት ነው። ሕንፃውን ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት መሆኑም ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቅማችኋል። አስናቀች ያረፈችው መስከረም 2004 ዓ.ም ነው። 2011 የሚል ብታዩ የፈረንጁ ነው። የፈረንጁን ወደ እኛ ስትመልሱ ቀኑ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ከሆነ 8 ዓመት ቀንሱ።

ስለ እሷ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አለ፣ ርዕሱ «አስኒ» ነው፣ ራሔል ሳሙኤል የሠራችው። ክራሯን ደግሞ «ኢትዮፒክስ» በሚለው የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛ ቅጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ተዋናይቷ ሁለቱንም ትይ፣ ትስማ፤ ድምፅዋን ግን አትቅዳ። የተቀዳ ድምፅ 5 ደቂቃ ያስደንቃል፣ 45 ደቂቃ ያሰለቻል።

ባለ ቅኝት፦
ክራሩን ራሷ ትጫወት፤ 6 ሳምንት ይበቃል። ብዙ ዜማ አያስፈልጋችሁም። አንድ የትዝታ ዜማ በንጹሕ መደርደር ከቻለች ተውኔቱን ይሸከማል።

መጀመሪያ መሣሪያውን እወቁት። ከታች ቆዳ የተለበጠበት ገበቴ፣ ከእሱ የሚነሱ ሁለት ምሰሶዎች፣ ከላይ የሚያገናኛቸው ቀንበር፣ ክሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዝ በርኩማ አለው። በሜጀር ትዝታ (አንደኛው የትዝታ ቅኝት ዓይነት ነው) አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ የአንዱ ድጋሚ ነው፣ በኦክታቭ የራቀ፣ ማለትም ያው ድምፅ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ። የስልክ መቃኛ መተግበሪያ ተጠቀሙ። ዶውን ግን ስልኩ አይወስንላችሁ። ተዋናይቷ ሳትጨነቅ ዝቅ ብላ የምታንጎራጉርበትን ድምፅ ያዙና ዶ እሱ ይሁን። ክራሩን ቃኝታችሁ ድምፅዋን ወደ እሱ ከጎተታችሁ አራተኛው ትዕይንት ላይ ጉሮሮዋ ይዘጋል።

አመታቱ ሁለት ዓይነት ነው። በግርፍ ጊዜ የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹ ላይ ያርፋሉ፣ ቀኝ እጅ በመግረፊያ ሁሉንም ይገርፋል፣ እንዲሰማ የተፈለገው ክር ላይ ያለችው ጣት ብቻ ብድግ ትላለች። በድርድር ጊዜ ጣቶች እያንዳንዱን ክር ለየብቻ ይነካሉ። እናንተ ድርድሩን ያዙ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግርፍ ተደበላልቆ ጫጫታ ይሆናል፣ ድርድር ግን ጥርት ብሎ ይወጣል።

1ኛው ሳምንት አያያዝና ቅኝት ብቻ፣ በቀን 30 ደቂቃ። በ2ኛውና በ3ኛው ክሮቹን ወደ ላይና ወደ ታች፣ በዝግታ፣ እጇን ሳታይ። በ4ኛው ዜማው። 5ኛው ሳምንት ላይ ንግግር ይጨመር፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ንግግሩና እጁ በአንድ ምት ይቆላለፉና እንደ ግጥም ንባብ መዘመር ትጀምራለች። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ መደርደር፣ ስትናገር እጅን ክሩ ላይ ማሳረፍ ነው። እያወራች ለመደርደር የ6 ሳምንት ተማሪ አትችልም፣ አትሞክሩት። 6ኛው ሳምንት በሙሉ ልብስና በሙሉ መብራት ይሁን።

ምን ይበላሻል ብትሉ፣ ቅኝቱ። አዲስ የናይሎን ክር ለሁለት ሦስት ቀን እየተለጠጠ ይወርዳል፤ ስለዚህ በትርዒቱ ሳምንት ክር አትቀይሩ። ቆዳው ደግሞ በጠዋት እርጥበት ይላላል፣ በፓውዛ ሙቀት ይከራል። ከመድረክ ጀርባ በብርድ የተቃኘ ክራር መብራት ስር 10 ደቂቃ ሲቆይ ሌላ ክራር ነው። ፓውዛውን አብርታችሁ ክራሩን ለ20 ደቂቃ በቦታው አስቀምጡት፣ ከዚያ ቃኙ። ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ደግሞ መቃኘቱን ራሱን ትወና አድርጉት። ጆሮዋን ወደ ቀንበሩ ታዘንብል፣ አንዱን ክር ትንካ፣ ክሩ ቀንበሩ ላይ የታሰረበትን መቃኛ ጥቂት ታዙር፣ እንደገና ትንካ፣ ትታገሥ። 130 ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃታል። ክራሩም በዚያው ይስተካከላል።

ሰፈር ሰው፦
ከባለ ቅኝት ጋር አልስማማም። ክራር ያልለመደች ልጅ ለአስናቀች ክብር በተዘጋጀ መድረክ ላይ ብትሳሳት ውርደቱ ለሟቿ ነው። የተቀዳ ድምፅ ይሻላል።

ባለ ቅኝት፦
ስጋትህ ይገባኛል፤ አስናቀችን የሚያህል ስም ይዞ መቅረብ ቀላል አይደለም። ግን ቴፑ ሌላ ችግር ያመጣል። ድምፁ ከግድግዳ ዳር ካለ ስፒከር ይወጣል፣ እጁ መሀል መድረክ ላይ ነው፤ ጆሮ ይህን ወዲያው ይለየዋል። ግድ ቴፕ ከሆነ ትንሽ ስፒከር የምትቀመጥበት በርጩማ ስር ደብቁ፣ ድምፁ ከሰውነቷ ይውጣ። መብቱንም አስቡ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲም የከዋኝም የአሳታሚም መብት የተጠበቀ ነው። የተቀዳ ሥራዋን በተለይ ፊልሙ ላይ ከማስገባታችሁ በፊት ባለመብቶቹን በጽሑፍ ማስፈቀድ አለባችሁ። በትዝታ ቅኝት የራሷን ዜማ ፈጥራ ብትደረድር ግን የእናንተው ነው።

ቃል በቃል፦
ስለ ድምፅ እኔ ልጨምር። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን፣ ማንን፣ መቼ፣ አዎ ወይስ አይደለም፣ ሁሉም እዚያ ግስ ላይ ተጠምጥሟል። የጀማሪ ተዋናይ ትንፋሽ ደግሞ የሚያልቀው ልክ እዚያ ላይ ነው። «እናቴን አላየኋትም» ስትል «እናቴን አላ...» ብቻ ከተሰማ ተመልካቹ ያገኘው ባዶ ነው። ልምምዱ እንዲህ ነው፦ በአራት ቁጥር በአፍንጫ መሳብ፣ በሁለት መያዝ፣ በ«ስስስ» ቀስ እያሉ እስከ 15 ድረስ ማውጣት። በቀን 10 ጊዜ። ከዚያ የቃለ ተውኔቱን የመጨረሻ ቃል ብቻ ከአዳራሹ ጀርባ ለተቀመጠ ሰው ትናገር፣ ሰውየው የሰማውን ይጻፍ። ያልተጻፈው ቃል ላይ እርሳስ ይሰመርበት።

ሁለተኛው አጥብቆና አላልቶ ማንበብ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ወደፊት፣ ሲጠብቅ በዓል። ቆርቆሮ ቤት ድምፁን ስለሚመልስ ጥብቀቱ ይዋጣል። ስለዚህ የሚጠብቁት ፊደላት ላይ ከተለመደው ትንሽ እረፍ ትበል፤ ጽሑፉ ላይ ከፊደሉ አናት ነጥብ አድርጉላት።

አዳራሹም ይታከም። የኋላው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀሉ፣ ግን ግድግዳው ላይ አትለጥፉት፤ አንድ ጣት ርዝመት ያህል ክፍተት ተዉለት፣ ያኔ ድምፅን አብዝቶ ይውጣል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተለማመደ ሰው ፍጥነቱን በማሚቶው ይለካል። ሕዝቡ ሲገባ ማሚቶው ይቀንሳል፣ ድምፁም እንደሞተ ይሰማትና ትጮኻለች። አስቀድማችሁ ንገሯት። በመጨረሻው ልምምድ ቢያንስ 40 ሰው አስቀምጡ።

ዝናብን ደግሞ የሚያሸንፍ ጉሮሮ የለም። ሐምሌና ነሐሴን ተዉ። በሌላውም ወር ድንገት ከወረደ የሚሠራ የዝናብ ትዕይንት ይኑራችሁ፦ ልብስ ማጠፍ፣ ክራሩን መወልወል፣ መስኮት ማየት። ንግግሩ ይቁም፣ ትወናው ይቀጥል።

መጋረጃ፦
የዝናቡ ሐሳብ ግሩም ነው። ቃለ ተውኔቱ ላይ በእያንዳንዱ ትዕይንት የት ጋ መቆም እንደሚቻል በቀይ ምልክት ይደረግ። ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ግን አይሁን።

ሸማና ሻሽ፦
ልብሱን እንደ ቀላል አትዩት፤ ፊልም ካሰባችሁ በተለይ። አዲስ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ በፓውዛ ስር ያንጸባርቃል፣ ካሜራው ነጩን ለመቆጣጠር ብሎ የተዋናይቷን ፊት ያጠቁረዋል። ቀሚሱን በሻይ አደብዝዙት። 5 ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ 4 የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል በጨርቅ ቋጥራችሁ 15 ደቂቃ አቆዩ፣ ቋጠሮውን አውጡ፣ በንጹሕ ውሃ የራሰውን ቀሚስ አስገብታችሁ ሳታቋርጡ 10 ደቂቃ አገላብጡ። ደረቅ ልብስ ካስገባችሁ ወይም ማገላበጡን ካቋረጣችሁ ይዥጎረጎራል። በደንብ የሚይዘው እንደ ጥጥ ያለ የተፈጥሮ ጨርቅ ነው፤ ፖሊስተር ከሆነ ድካማችሁ በከንቱ ነው። ጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ ጫፉን መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ሞክሩ።

እርጅናን በእርሳስ መስመር አትሣሉ፤ ከሦስተኛው ረድፍ ቆሻሻ ይመስላል፣ በካሜራ ደግሞ እርሳሱ ራሱ ይታያል። ፀጉር ላይ የሕፃን ፓውደር መነስነስም ትከሻ ላይ ይረግፋል። በ45 ደቂቃ ውስጥ ለለውጥ ጊዜ የለም። ሻሹ ወደ ግንባር ዝቅ ይበል፣ ነጠላው ይደረብ፣ አቀማመጧ ይለወጥ። ወጣቷ ከበርጩማው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ አሮጊቷ መጀመሪያ በእጇ በርጩማውን ታገኘዋለች፣ ከዚያ ትቀመጣለች። ያቺ እጅ ትበቃለች።

ልጅ ከቱሉ ዲምቱ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ነው የጠቀማችሁን። ስለ መብራቱና ስለ ፊልሙ የሚያውቅ ካለ?

ሌንስ፦
መብራት። ሁለቱን ፓውዛ ከመድረኩ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ፣ 3 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ወደ ተዋናይቷ ገደድ ብለው ይቁሙ። ፊት ለፊት አንድ ላይ ካበራችኋቸው ፊቷ እንደ ሰሌዳ ይለጠፋል። አንዱን ወደ ኋላ አርቁት፣ ጥላ ይኑር። ሁለቱ 1000 ዋት፣ በ220 ቮልት 4.5 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ማራዘሚያው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሁን፣ ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ የቆየ ገመድ ይግላል፣ ላስቲኩም ይቀልጣል። ከመጋረጃ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ። መብራት ቢጠፋስ? በባትሪ የሚሠራ አንድ መብራት ከመድረኩ ጫፍ ተዘጋጅቶ ይቆይ፣ ተዋናይቷም አትደናገጥ፤ ክራር ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል።

ፊልሙ። የመድረኩን ትርዒት ከኋላ ቀርጻችሁ ፊልም ነው አትበሉ። ከ45 ደቂቃው መግቢያውንና የቅኝቱን ትዕይንት ብቻ ውሰዱ፣ ያለ ተመልካች በሌላ ቀን እንደገና ቅረጹ። ስልኩን በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ላይ አድርጉ፣ የመዝጊያው (ሹተር) ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ይሁን። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬም ከቀረጻችሁ በተለይ የኤልኢዲ መብራት ይርገበገባል። ፊቷ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙ፣ ትኩረቱና የብርሃኑ መጠን ይቆለፍ። ካልተቆለፈ ነጠላዋን ባነሳች ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፣ ይበራል።

ትወናው ላይ የሚቀየረው ርቀቱ ነው። በመድረክ ከኋላው ረድፍ ላለ ሰው የተሠራ ቅንድብ በአንድ ሜትር ተኩል ላይ ላለ ሌንስ ይገንናል። ድምፅዋ ማይኩ ጋ እንዲደርስ ብቻ ታውራ። ግሱን አለመዋጥ ግን እዚህም አይቀርም፣ ቃል በቃል ያሉት ለካሜራም ይሠራል። ከሌንሱ ጎን አንድ ዕቃ አስቀምጡና ዓይኗ እዚያ ይረፍ። የመድረክ ሰው ዓይን የኋላውን ረድፍ የመፈለግ ልማድ ስላለው በፊልም የጠፋ ሰው ያስመስላል።

እያንዳንዱን ንግግር ሦስት ጊዜ ቅረጹ፦ ከሩቅ፣ ከወገብ በላይ፣ እጇን ብቻ። ነጠላው በየትኛው ትከሻ እንደነበር፣ ሻሹ እስከየት እንደወረደ በየቀረጻው መጨረሻ ፎቶ አንሱ። ያለዚያ ስትቀጥሉት ነጠላው ከትከሻ ትከሻ ይዘላል። የክራር እጇን ስትቀርጹ ድምፁም ከዚያው ቀረጻ ይሁን፤ የአንዱን እጅ ከሌላው ድምፅ ጋር ማግጠም ክራር ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጋለጣል።

ማይኩን ነጠላው በማይነካው ቦታ፣ ደረቷ መሀል ከቀሚሱ ሥር በፕላስተር ለጥፉት። ጥጥ በጥጥ ሲፋተግ እንደ እሳት ይንጫጫል። የእናንተ ሰፈር ሌላ ጣጣም አለው። የአዳማው ፈጣን መንገድ እዚያው ይጀምራል፣ ሲኖትራኩም ግንባታውም አያርፍም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቅረጹ፣ መስኮቱን በፍራሽ ዝጉ። ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ብቻውን ቅዱ፤ በቅንብር ጊዜ በንግግሮች መሀል የሚቀረውን ባዶ ቦታ የሚሞላላችሁ እሱ ነው። ደጅ የሚቀረጽ ካለ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ጨርሱ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትሆንና የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል።

ልጅ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሁሉንም ጽፈናል። እንግዲህ እንዲህ ወስነናል፦ ኅዳር ላይ፣ እሑድ 8 ሰዓት። መግቢያው በኮቱ ይጀምራል። ክራሩን ራሷ ትደረድራለች። ልምምዱ ዛሬ ይጀመራል።

መጋረጃ፦
8 ሰዓቱ ጥሩ ነው፤ 9 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ ሰውም ሳይመሽ ታክሲ ያገኛል። የፊተኛውን ረድፍ ከመድረኩ 2 ሜትር አርቁት፣ አለዚያ ፓውዛው ከኋላቸው ሲመጣ የጭንቅላታቸው ጥላ ቀሚሷ ላይ ይወድቃል። በርጩማውንም ዛሬውኑ ፈትሹት። ከተንቋቋ ሚስማሩን ነቅላችሁ በቡሎን እሰሩት፤ በዝምታው ሰዓት ማይኩ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው።